የናርኒያን በር ወደ ቦታው መልሱልን፦ ለሲ. ኤስ. ሉዊስ ሥራዎች ጠባቂዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሲ. ኤስ. ሉዊስ ኩባንያ፣
ለናርኒያ መጻሕፍት አሳታሚዎች፣
የፊልም መብቱን ለያዛችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ፣ ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ናርኒያ ስለተባለች ምናባዊ አገር ለልጆች የጻፏቸውን ሰባት መጻሕፍት የምንወድ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢዎች ነን። ከፊሎቻችን መጻሕፍቱን ያወቅናቸው አዲስ አበባ ውስጥ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በተዋስናቸው፣ ሽፋናቸው በተላቀቀና ብዙ እጅ በዳበሳቸው ቅጂዎች ነው። ሌሎቻችን ደግሞ በስደት አገር ለልጆቻችን ማታ ማታ ስናነብላቸው ከልጆቻችን ጋር አብረን ያወቅናቸው ነን። ደብዳቤውን በአማርኛ ያዘጋጀነው እኛን የመሰሉ አንባቢዎች ሐሳባቸውን እንዲጨምሩበት አስበን ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሰንም እንልክላችኋለን። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዕር ያስነሳን ጉዳይ አዲስ አይደለም፤ አሁን ግን ከፍ ባለ ድምፅ ማንሳት ግድ ሆኖብናል። ኔትፍሊክስ በ2018 የሰባቱን መጻሕፍት የፊልምና የተከታታይ ድራማ መብት አግኝቷል። በግሬታ ገርዊግ አዘጋጅነት የሚሠራው የመጀመሪያው ፊልም የተመሠረተውም «የአስማተኛው የእህት ልጅ» በተሰኘው መጽሐፍ ላይ ነው። በዚህም በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከታተሙበት ተራ የተለየ ቁጥር በመለጠፍ የተጀመረው ስህተት ወደ ሲኒማ ተሻግሮ፣ ናርኒያን ገና የማያውቀው ትውልድ ወደዚያ አገር የሚገባበትን በር ሊወስን ነው። ስለዚህ ቅሬታችንን ከዚሁ ከበሩ እንጀምራለን።

ሰባቱ መጻሕፍት ለአንባቢ የደረሱት በዓመት አንድ እየሆኑ ከ1950 እስከ 1956 ነው። «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሳጥኑ» በ1950 ወጣ፤ «ልዑል ካስፒያን»፣ «የዶውን ትሬደር ጉዞ»፣ «የብሩ ወንበር» እና «ፈረሱና ልጁ» ተከተሉ። ስለ ናርኒያ አፈጣጠር የሚተርከው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» በ1955 ስድስተኛ ሆኖ ወጣ፤ በ1956 የታተመው «የመጨረሻው ጦርነት» ደግሞ የካርኔጊ ሜዳልያ ተሸለመ። አሜሪካ ውስጥ የወጡት የቆዩ እትሞች ቁጥራቸው ይህንኑ ቅደም ተከተል የጠበቀ ነበር። ሃርፐርኮሊንስ በ1994 ባወጣው እትም ግን መጻሕፍቱ በታሪኩ ውስጥ ባለው የዘመን ተራ እንደገና ተቆጥረው ስድስተኛው አንደኛ፣ አንደኛው ሁለተኛ፣ አምስተኛው ደግሞ ሦስተኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ለልጁ ገዝቶ የሚወስደው ሣጥን ከሞላ ጎደል ሁሌም በዚሁ ቁጥር የተደረደረ ነው።

ይህ ውሳኔ ምን እንደሚያሳጣ ለማየት የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ መክፈት በቂ ነው። ሉሲ ባዶ ክፍል ውስጥ የቆመውን ቁም ሳጥን ስትከፍት ሁለት የብል መድኃኒት እንክብሎች መሬት ላይ ይወድቃሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በራስ ላይ በር መዝጋት ሞኝነት መሆኑን ስለምታውቅ በሩን ገርበብ አድርጋ ትገባለች፤ ፊቷን ከጠጉር ካባዎቹ ጋር እያሻሸች ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ከመጀመሪያው ተርታ ኋላ ሌላ የካባ ተርታ ታገኛለች። እጇን ዘርግታ የሳጥኑን ጀርባ ስትፈልግ ጀርባው የለም። ከእግሯ ሥር የሚንኮሻኮሸውን ነገር የብል መድኃኒት መስሏት ጎንበስ ብላ ስትዳስሰው ይቀዘቅዛታል፤ በረዶ ነው። የካባው ልስላሴ የዛፍ ቅርንጫፍ ሆኖ ፊቷን ይወጋታል። ከዚያም በሌሊት፣ በጫካ መካከል፣ አንድ የመንገድ መብራት ብቻውን በርቶ ታያለች። መብራቱን ማን እንደተከለው፣ በጫካ መካከል ምን እንደሚሠራ እሷም አታውቅም፣ አንባቢውም አያውቅም። ጃንጥላውንና ጥቅሎቹን የያዘው ፋውን (ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ ፍጡር) የሚመጣውም እሷ ገና በዚያ ግራ መጋባት ውስጥ ቆማ ሳለች ነው።

በአዲሱ ቁጥር መሠረት የሚያነብ ልጅ ግን እዚህ ቦታ ላይ የሚደርሰው ሁሉን አውቆ ነው። ጠንቋይቱ ጄዲስ ለንደን ላይ ከመንገድ መብራት የገነጠለችው ብረት በአዲሱ የናርኒያ አፈር ላይ ወድቆ እንደበቀለ አንብቧል። ቁም ሳጥኑ ከናርኒያ ፍሬ ከበቀለ ዛፍ መሠራቱንና ሽማግሌው ፕሮፌሰር የ«የአስማተኛው የእህት ልጅ» ባለታሪክ ዲጎሪ ራሱ መሆኑንም ያውቃል። ይህ እንቆቅልሽ ሳይባል መልሱን እንደ መናገር ነው፤ አገር የሚሰጥም የሚቀበልም አይኖርም። በቅርቡ በቡድናችን ያለች አንዲት እናት በቁጥሩ ቅደም ተከተል ያነበበውን ልጇን ስለ መብራቱ ስትጠይቀው፣ «እሱማ ያ የተወረወረው ብረት ነው» ብሎ ገጹን ገለጠ። ልጁ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን ነው የደገመው። እኛ በዕድሜ ልካችን ከናርኒያ ያልተለየነው ግን በዚያ መብራት ሥር ምንም ሳናውቅ ቆመን ስለነበረ ነው።

መጽሐፉ ራሱም ስለዚህ ይመሰክራል። ቢቨሩ የአንበሳውን የአስላንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ፣ ተራኪው ከልጆቹ አንዳቸውም አስላን ማን እንደሆነ እንደማያውቁ፣ አንባቢውም ከእነሱ የተሻለ እንደማያውቅ ይነግረናል። አስላን ናርኒያን በዝማሬ ሲፈጥር አንብቦ ለመጣ ልጅ ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ይሆንበታል። የዚሁ መጽሐፍ መዝጊያም የቁም ሳጥኑ ነገር እዚህ ላይ ቢያበቃም የናርኒያ ጀብዱ ግን ገና መጀመሩ እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛ ሆኖ የተቀመጠ መጽሐፍ እንዲህ ብሎ አይዘጋም። «የአስማተኛው የእህት ልጅ» በበኩሉ ሲከፈት በእኛ ዓለምና በናርኒያ መካከል ያለው መመላለስ ሁሉ እንዴት እንደተጀመረ እንደሚያሳይ ይገልጻል። ይህን መመላለስ አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ መግቢያ አይደለም።

ለውጡ የደራሲው ፍላጎት እንደሆነ በእትሞቹ ላይ አስፍራችኋል፤ ማስረጃችሁን ሳንመረምር አላለፍነውም። በ1957 አንድ አሜሪካዊ ልጅ መጻሕፍቱን በዘመን ተራ ማንበብ እንደሚሻል፣ እናቱ ግን በታተሙበት ተራ መነበብ አለባቸው እንደምትል ለሉዊስ ጽፎ ነበር። ሉዊስም ከእናቱ ይልቅ በልጁ ሐሳብ እንደሚስማሙ መልሰዋል። ሆኖም በዚያው ደብዳቤ ላይ ተከታታይ መጻሕፍቱን ሲጀምሩ በዕቅድ እንዳልነበረና ምናልባትም ማንም በየትኛው ቅደም ተከተል ቢያነባቸው ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ጨምረው ጽፈዋል። ጸሐፊያቸው የነበሩት ዋልተር ሁፐርም ሉዊስ የዘመኑን ተራ እንደሚመርጡ ነግረውኛል ብለዋል፤ ይህንንም አንክድም። ነገር ግን ለአንድ ልጅ በደግነት የተጻፈ፣ ራሱም «ምናልባት» የሚል ደብዳቤ፣ የሌላውን መንገድ ሁሉ ለመዝጋት የሚያበቃ ኑዛዜ ሊሆን አይችልም። ሉዊስ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ ኅዳር 22 ቀን 1963 ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊትም የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ከሆነው ከፓፊን አዘጋጅ ከኬይ ዌብ ጋር ተገናኝተው መጻሕፍቱን እንደገና ለማረምና ያልተገጣጠመውን ለማገጣጠም ተነጋግረው ነበር። ያንን ሥራ ሳይጀምሩት ሞት ቀደማቸው። እሳቸው ሊያርሙት አስበው ያልደረሱበትን በሽፋን ቁጥር ማረም ይቻላል ብለን አናምንም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ አንባቢ ያልሰማው ሌላ ጉዳይ አለ። ሉዊስ መጻሕፍቱ አሜሪካ ውስጥ ሲታተሙ በማረሚያው ቅጂ ላይ አንዳንድ ነገሮችን በገዛ እጃቸው ቀይረዋል። የጠንቋይቱ የፖሊስ አለቃ የሆነው ተኩላ በብሪታኒያው እትም ሞግሪም ሲባል በአሜሪካው ፌንሪስ ኡልፍ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ትንሹ ለውጥ ነው። ትልቁ «የዶውን ትሬደር ጉዞ» ውስጥ፣ ሕልም እውን በሚሆንበት በጨለማው ደሴት ምዕራፍ ላይ ይገኛል። በብሪታኒያው ጽሑፍ መርከቧ ወደ ብርሃን ስትወጣ ሁሉም የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ፣ ድሮም እንዳልነበረ ይገነዘባሉ፤ ደሴቱም ለዘላለም ይጠፋል። ሉዊስ ሲያርሙት ግን ፍርሃቱን እንዲህ አቃለው አልተዉትም፤ ከጨለማው የተረፈው ባላባት በዚያ ያየውን ንጉሡ ራሱም ሆነ ሌላ ሰው እንዳይጠይቁት ንጉሡን ይማጸናል። የሕፃናትን የሌሊት ፍርሃት «ከንቱ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ማክበር እንደሚገባ ደራሲው በኋላ የደረሱበት ሐሳብ ይህ ይመስለናል። ከስደትና ከጦርነት የመጡ ልጆች አብረውን ሲያነቡ ይህ ምዕራፍ ከማንኛውም የበለጠ ያነጋግራቸዋል፤ አንዳንዶቹ ያዩትን መናገር የማይፈልጉ ናቸውና።

በ1994ቱ እትም ግን የብሪታኒያው ጽሑፍ ለሁሉም አገር አንድ ወጥ ሆኖ ሲጸና፣ የደራሲው የኋላ እርማት ከገበያ ወጣ። ቅደም ተከተሉ የደራሲው ፍላጎት ነው ተብሎ በተቀየረበት እትም፣ በደራሲው እጅ የታረመው ቃል መጣሉን ለማስታረቅ ተቸግረናል። ዛሬ የታረመውን ምዕራፍ ማንበብ የሚፈልግ አሮጌ የአሜሪካ ቅጂ ካገለገሉ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ መፈለግ አለበት።

ወደ ሦስተኛው ነገር ስንመጣ፣ ስለ እኛ ስለ ራሳችን መናገር ይኖርብናል። ሉዊስ አስላንን አንበሳ ያደረጉበትን ምክንያት ሲገልጹ፣ አንበሳ የአራዊት ንጉሥ መሆኑን፣ ክርስቶስም በመጽሐፍ ቅዱስ የይሁዳ አንበሳ መባሉንና በዚያው ሰሞን አንበሳ በሕልማቸው እየመጣ ያስቸግራቸው እንደነበር ጽፈዋል። በይሁዳ አንበሳ ሥዕል፣ ማኅተምና ሰንደቅ መካከል ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ አንበሳ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። ያም ሆኖ ተመሳሳዩ አንባቢ «ፈረሱና ልጁ»ን እና «የመጨረሻው ጦርነት»ን ሲከፍት፣ ፊታቸው የጠቆረው፣ ጥምጥም የሚያደርጉት ካሎርሜናውያን (ከናርኒያ በስተደቡብ ያለ አገር ሰዎች) በአብዛኛው ጨካኝና ተንኮለኛ ሆነው ይጠብቁታል፤ በድንኮች አፍም በጥቁረታቸው ሲሰደቡ ያነባል። ይህን ገጽ ለጥቁር ልጁ ጮክ ብሎ የሚያነብ አባት ድምፁ የት ላይ እንደሚሰበር እኛ እናውቃለን።

ይህ ገጽ እንዲሰረዝ አንጠይቅም። በ2023 የሮአልድ ዳል መጻሕፍት ቃላት ተለውጠው መውጣታቸው ያስነሳውን ቁጣ አይተናል፤ አሳታሚው የቀድሞውን ጽሑፍም ጎን ለጎን ለማሳተም ተገዷል። ደራሲ የጻፈው ይቆይ፤ ካሎርሜናዊው ወታደር ኤሜት በአስላን ፊት የሚያገኘው አቀባበልም በዚያው «የመጨረሻው ጦርነት» ውስጥ ስላለ፣ ልጆቻችን ሁለቱንም አብረው ያንብቡ። የምንቃወመው ዝምታውን ነው። በእጃችን ያሉት እትሞች ለወላጅም ሆነ ለመምህር ስለዚህ ጉዳይ አንዲት አንቀጽ እንኳ አልያዙም፤ ማስረዳቱ ሁልጊዜ የሚወድቀው መጽሐፉን በሚወደውና በመጽሐፉ በሚቆስለው በዚያው ሰው ላይ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ከአንባቢ ጋር ስላላችሁ ግንኙነት እንናገር። በስኮትላንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናርኒያን ለሚወደው ልጃቸው ለልደቱ በናርኒያ ስም የኢንተርኔት አድራሻ ገዝተውለት ነበር። ኩባንያው በ2008 ጉዳዩን ለዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቅርቦ አሸነፈ፤ አድራሻውም ተወሰደ። ሕጉን ተከትላችሁ እንደፈጸማችሁት አንጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ስልክ ወይም አንድ ደብዳቤ ይበቃው በነበረ ጉዳይ አንድ ልጅ የሚወደውን ስም የያዘ ክስ ቤቱ ድረስ ደረሰ።

በ2019 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ፍራንሲስ ስፓፈርድ «የድንጋዩ ጠረጴዛ» የተሰኘ፣ በ«የአስማተኛው የእህት ልጅ» እና በ«አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሳጥኑ» መካከል የሚገባ የናርኒያ ታሪክ ጽፎ 75 ቅጂ ብቻ አሳትሞ ለወዳጆቹ ማደሉ ተሰማ። የመጻፍ ችሎታውን ማንም አይጠራጠርም፤ ሳይፈቀድለትም አልሸጠውም። የሉዊስ ሥራዎች መብት በብሪታኒያ የሚያበቃው በ2033 መጨረሻ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃዳችሁ መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ ለአደባባይ አይበቃም። በ2001 ኒው ዮርክ ታይምስ በአዳዲስ ጸሐፊዎች አዳዲስ የናርኒያ ልቦለዶች ሊጻፉ መታሰቡን ዘግቦ እንደነበር ስናስታውስ ግራ ይገባናል። አዲስ ታሪክ መጻፍ በራሱ ነውር ከሆነ ለንግድም ነውር ነው፤ ካልሆነ ደግሞ በፍቅር የተጻፈው ቢያንስ ተነብቦ በምክንያት ሊመለስ ይገባል። ናርኒያን የሚያስቀጥለው ማን እንደሆነ የሚወስነው መስፈርት በይፋ ተጽፎ አይተን አናውቅም።

ስለ ፊልሞቹ ብዙ አንልም። በ2005፣ በ2008 እና በ2010 ሦስቱ ከወጡ በኋላ «የብሩ ወንበር» ይሠራል እየተባለ ዓመታት አልፈው ሳይሠራ ቀረ፤ አሁንም ሁሉም ከመጀመሪያ ሊጀመር ነው። እኛን የሚያሳስበን መቼ እንደሚወጣ ሳይሆን ከየት እንደሚጀምር መሆኑን ከላይ ገልጸናል። የፖሊን ቤይንስ ሥዕሎችም በአንዳንድ ርካሽ እትሞች ደብዝዘው ወይም ካርታቸው ቀርቶ ይወጣሉ፤ ሥዕሎቹን መርጠው ያጸደቁት ደራሲው በሕይወት ሳሉ ስለሆነ የመጽሐፉ አካል ተደርገው ሊታዩ ይገባል።

ሉዊስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለክርስትና ልጃቸው ለሉሲ ባርፊልድ ሲሰጡ፣ መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ ለተረት ትልቅ ሆና እንደምትገኝ፣ አንድ ቀን ግን ተረትን መልሳ ለማንበብ የሚያበቃ ዕድሜ ላይ እንደምትደርስ ጽፈውላታል። እዚህ ዕድሜ ላይ የደረስነው እኛ ነን። ከ100 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠው በማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ አንዱ አንባቢ ለሌላው፣ ወላጅ ለልጅ እያቀበለው ነው። ስለዚህ በጥበቃው ውስጥ ድርሻ አለን ብለን ስናምን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህም መሠረት የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ መጻሕፍቱ በታተሙበት ቅደም ተከተል የተቆጠረ አንድ ሙሉ እትም እንድታወጡ፤ ይህ ካልተቻለ ቁጥሩ ከሽፋኑ ተነሥቶ ሁለቱም ቅደም ተከተሎች በውስጥ ገጽ በእኩልነት እንዲቀመጡ፣ የ1957ቱ ደብዳቤ ሐሳብም ሳይቆረጥ ከነመጨረሻው እንዲሰፍር። ፊልሙ ከ«የአስማተኛው የእህት ልጅ» መጀመሩ የተቆረጠ ከሆነም፣ ከፊልሙ ጋር ተያይዘው የሚወጡ መጻሕፍት ይህን መጽሐፍ «አንደኛ» እያሉ እንዳያስተዋውቁ እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ ሉዊስ ለአሜሪካው እትም ያደረጓቸው እርማቶች ወደ ኅትመት እንዲመለሱ፣ ቢያንስ የጨለማው ደሴት ምዕራፍ በሁለቱም መልኩ በመጽሐፉ መጨረሻ እንዲታተም።

ሦስተኛ፣ ስለ ካሎርሜናውያን አሳሳል ለወላጆችና ለመምህራን የሚረዳ አጭር ጽሑፍ፣ ከዋናው ጽሑፍ አንዲት ቃል ሳይነካ፣ እንዲጨመር። ይህን ጽሑፍ ስታዘጋጁ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሆኑ አንባቢዎችን እንድታማክሩ፤ ብትጠሩን እኛም እንመጣለን።

አራተኛ፣ በአንባቢ የሚሠራ ንግድ ያልሆነ ሥራ፣ ንባብ፣ ቲያትርም ሆነ ትርጉም፣ ምን ሲሆን እንደሚፈቀድና ምን ሲሆን እንደማይፈቀድ በግልጽ ቋንቋ ጽፋችሁ እንድታወጡ። በተለይ ገበያቸው ትንሽ በሆነ ቋንቋዎች ለመተርጐም ለሚነሡ ሰዎች የሚቀልል የፈቃድ መንገድ እንዲከፈት። ከክስ በፊትም ደብዳቤ እንዲቀድም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን አንብበን ለአባሎቻችን እናደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአማርኛ ተናጋሪ የናርኒያ አንባቢዎች የንባብ ቡድን አስተባባሪ፣
የሁለት ልጆች እናትና የሥነ ጽሑፍ መምህርት